ለሽያጭ ስለሚሰናዳ ቤት

ሰው የሚሸጠውን ነገር ከመሸጡ በፊት ማሰናዳቱ የታወቀ ነው። እህል የሚሸጥ ሰው አበጥሮና አንፍሶ ይሰፍራል፤ በግ የሚሸጥ ጠጉሩን አጥቦ ይስባል፤ ድስት የሚሸጥም አቧራውን ጠርጎ በመደዳ ይደረድራል። ይህ ሁሉ ነውር የለበትም። ዳሩ ግን ላሙን ከዋዜማው ጀምሮ ሳያልብ አሳድሮ፣ ጡቷን አስወጥሮ ገበያ የሚያወጣ ሰውም አለ። ቅቤውን በሙዝ የሚያበዛም አለ። እነዚህም ቢጠየቁ «አሰናዳነው» ይላሉ እንጂ «አታለልን» አይሉም። እንግዲህ ማሰናዳት የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው ማለት ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ይህ ሁለት ፊት ያለው ቃል ወደ ቤት ሽያጭ በገባ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ቤትን ከላም የሚለየው ነገር አለ። ያልታለበች ላም የገዛ ሰው በማግስቱ ጧት ማለቢያውን ይዞ ሲቀመጥ እውነቱን ያውቃል፤ ቢቈጭም የሚቈጨው ስለ አንዲት ላም ነው። ቤት ግን በጥር ተገዝቶ እውነቱ የሚታወቀው በሐምሌ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል። ገዢው ደግሞ በሬውን ሸጦ፣ ዕቁቡን አውጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ የገዛው ስለ ሆነ የሚመለስበት ሌላ ቤት የለውም። ብዙ ሰው በዕድሜው ቤት ቢገዛ የሚገዛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በሚገዛ ነገር ላይ ደግሞ ልምድ ያለው ገዢ አይገኝም።

አባቶቻችን ቤት ሸጥሁ ሲሉ ከነቦታው ማለታቸው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በኋላም በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ከተደነገገ ወዲህ፣ ሰው የሚሸጠው ከመሬቱ በላይ ያለውን ነው፤ ቋሚውን፣ ማገሩን፣ ጭቃውንና ቆርቆሮውን። ገዢው ዋጋ የሚቈርጠው ቦታውን ጭምር ዐይቶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ይህ የሌላ ቀን ነገር ነው። ግን በሕግ የምንሸጠው ግድግዳውን ብቻ ከሆነ፥ ግድግዳው እንኳ እውነተኛ መሆን ይገባው ነበር።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. እንጭኒ ያለውን የአባታችንን ቤት ስንሸጥ ያየሁት ነገር አለ።

እንጭኒን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ በምዕራብ ሸዋ የአድአ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት። ከሆለታ ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ አገሯ ደጋ፣ ነፋሷ ብርቱ፣ ክረምቷ ረዥም ነው። ሲሚንቶ የጫኑ ትልልቅ መኪናዎች ያልፉባታል፤ ከቤቶቿ መካከል ግን የጭቃው ጥቂት አይደለም። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር። ቤቱን የሠራው በ1971 ዓ.ም. ከቀበሌ በተመራው ቦታ ላይ ሲሆን፥ ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ደጋውን ካለበሰው ወዲህ የድኻውን ቤት የሚሸከመው እርሱ ሆኗል። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን እርጥብ አፈር ውስጥ የተተከለ እንደ ሆነ ዕድሜው አጭር ነው። መበስበስ የሚጀምረውም ከጫፉ ሳይሆን፥ አየርና እርጥበት በሚገናኙበት በአፈሩ ልክ ላይ ነው። ወገቡን ብትመቱት ድንጋይ ነው፤ እግሩን ብትነኩት ዱቄት ነው። ምርግ ሸፍኖት ስለሚቆም ግን ከውጭ የሚያየው ሰው የለም።

የቤታችን ጀርባ ወደ ዳገቱ የዞረ ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ከላይ የሚወርደው ውኃ በጓሮ በኩል እየሰረገ ግድግዳውን ያርሰዋል። አባቴ ጉልበት በነበረው ጊዜ በየዓመቱ ቦዩን ይጠርግ ነበር። ሲያረጅ ቦዩ በደለል ሞላ፤ ከጀርባው ግድግዳ ቋሚዎችም ስድስቱ ከእግራቸው በሰበሱ። እናቴ ደግሞ በየዓመቱ ጥቅምት ሲጠባ፣ ዝናቡም ሲያባራ፣ ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ ደባልቃ፣ ውኃ አጠጥታ፣ ሰንብቶ ሲቦካ በእግሯ ረግጣ ያን ግድግዳ እንደ ገና ትመርገው ነበር። በላዩም እበት ትለቀልቀዋለች። እኛ ልጆቿ የጥቅምት ሽታ ምን ዓይነት ነው ብንባል የምንመልሰው ይህንኑ ነው።

አባታችን ካረፈ ከዓመት በኋላ እናታችን አምቦ ወዳለችው እኅቴ ዘንድ እንድትሄድ ተቈረጠ፤ ቤቱም ይሸጥ ተባለ። ሦስት ልጆች ነን። እኅቴ ታላቅ፣ እኔ መካከለኛ፣ ወንድሜ ታናሽ። ወንድሜ ያን ጊዜ አዲስ አበባ በሰው ታክሲ ላይ ተቀጥሮ ይነዳ ነበር፤ ሐሳቡም ድርሻውን የባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ አድርጎ የራሱን ሥራ መጀመር ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ክፉ ሐሳብ አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቤቱን አሰናዳን። የጓዳውን ጥቀርሻ አራገፍን፤ በግቢው የበቀለውን አረም አጨድን፤ የሚያፈስሱትን አራት ቆርቆሮዎች አውርደን በአዲስ ለወጥን። የአባቴን የሥራ ክፍል ባዶ ማድረግ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ወሰደ። ከጋዜጣ የተቈረጡ የሱሪና የኮት ልኮች፣ የደረቀ ጠመኔ፣ ክሩ ያለቀ ማጠንጠኛ፣ ምላጩ የተበላ መቀስ፤ ደግሞም ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ሦስት ሱሪዎች አገኘን። የሁለቱን ባለቤቶች እናቴ አፈላልጋ ሰጠች። ሦስተኛው የማን እንደ ሆነ ስላልታወቀ ጠቅልላ አምቦ ይዛው ሄደች፤ እስከ ዛሬም ሣጥኗ ውስጥ አለ።

ወረቀት ማሰናዳት የቤት ማሰናዳት ግማሽ መሆኑንም ወጣቶች ልብ በሉ። ቤት በሟች ስም ሳለ ሊሸጥ ስለማይችል አስቀድሞ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ያስፈልጋል። የይዞታ ካርታው መገኘት፣ የግብሩም ደረሰኝ መሟላት አለበት። የእኛ ደረሰኞች ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በየዓመታቸው ተደርድረው ስለ ተገኙ ሥራችን ቀለለ፤ ልብስ ሰፊ መቼም ነገርን በልክ ማስቀመጥ ያውቃል። ደግሞ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት ስለ ሆነ የቤቱ ግማሽ የእናቴ ነው፤ ለእኛ ለሦስታችን የሚከፈለው ቀሪው ግማሽ ነው። ይህም ለሚከተለው ነገር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ደላላው መጣ። ሥራውን የሚያውቅ፣ አንደበቱም ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ፥ «እማማ፥ ገዢ የሚገዛው በዐይኑ ነው» አለና ምን ምን መደረግ እንዳለበት ነገረን። የጀርባው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በደንብ ተመርጎ ኖራ ይቀባ። በክፍሉ ያለው የእርጥበት ሽታ እንዳይሰማ ዕጣን ይጨስ፣ ቄጠማም ይጎዝጎዝ። ከጎረቤት ሶፋ እንዋስ። ገዢው ሲመጣ ጧት አይሁን፤ ፀሐይ በፊት ለፊቱ በኩል በምትገባበት ከቀኑ በ10 ሰዓት ይሁን። ከሁሉም በላይ ሽያጩ ከጥር እንዳያልፍ። እንዲህ ከሆነ 320 ሺህ ብር ያወጣል፤ እንዲሁ ከታየ ግን ከ260 ሺህ ብዙም የሚያልፍ ሰው አይገኝም አለ። ልብ በሉ፤ ከዚህ ሁሉ ቃል አንድም ውሸት አልነበረበትም። ዋሹ ያለን ሰው የለም።

እናቴ ምስር እየለቀመች ሰማችው። ከጨረሰ በኋላ፥ «ሌላው ሁሉ ይሁን ልጄ፤ ግድግዳውን ግን አልመርገውም» አለች።

ሁላችንም ደነገጥን። በየዓመቱ በእጇ የምትመርገው ግድግዳ እርሱ አይደለምን? ዘንድሮ ጥቅምት ብቻ ጕልበቷን አሟት ስለ ነበር ስንጥቁ እንዳለ ቀርቷል። ወንድሜ ይህንኑ ጠየቃት። እርሷም እንዲህ ስትል መለሰች፦ «በየዓመቱ የምመርገው የበሰበሰ መሆኑን እያወቅሁ ነው። ሌሊት ዝናብ ሲጥል ጆሮዬ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው የሚያድረው። አሁን መርጌ ለሰው ብሰጠው ምርጉን ይወስዳል፤ ጆሮዬን አይወስድም። ልጆቹን ከሥሩ አስተኝቶ እርሱም ይተኛል።»

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፤ እጁም ያው እጅ ነው። ለሚያውቀው ሰው ጥገና የሆነው ነገር ለማያውቀው ሰው ክዳን ይሆናል። እንዲሁም አራቱን ቆርቆሮዎች መለወጣችን ለቤቱ የተሠራ ሥራ ነው፤ ቤቱ ያን ክረምት ዝናብ አላስገባም። ኖራው ግን ለቤቱ የሚሠራው ነገር አልነበረውም፤ የሚሠራው ለገዢው ዐይን ነበር፤ ያውም እስከ ሰኔ ብቻ።

«ታዲያ ቋሚዎቹን ለምን አልለወጣችሁም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አናጺ ጠይቀን ነበር። ጣራውን በድጋፍ አቁሞ፣ ግድግዳውን አፍርሶ፣ ስድስት ቋሚ በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ያስፈልጋል አለን። የጠየቀን ዋጋ በእጃችን አልነበረም፤ ቢኖረን ኖሮ ቤቱን ለመሸጥ አንቸኵልም ነበር።

ወንድሜ ግን አልተዋጠለትም። «እኔ ዋሹ አላልሁም» አለ። «የሚጠይቅ ከመጣ እንነግረዋለን። ካልጠየቀ ግን ዐይን አለው፤ ከፈለገ አናጺ ይዞ ይምጣ። እኛ ቤት ስንከራይ፣ ዕቃ ስንገዛ፣ ጉድለቱን ማን ነግሮን ያውቃል? ሰው የገዛ ንብረቱን እያጣጣለ ይሸጣል ወይ?» ይህን ንግግር አትናቁት፤ ከሌባ አፍ የወጣ አይደለም። ወንድሜ በቀን ሒሳብ ለሰው እየነዳ፣ ማታ ማታ የቤት ኪራይ እያሰበ የሚያድር ሰው ነበር። የዋጋው ልዩነት 55 ሺህ ብር ያህል ሲሆን፥ ከዚያ ላይ ለእርሱ የሚደርሰው 9 ሺህ 166 ብር ነው። ይህን ቍጥር በሲጋራ ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየኝ። በዚያው ወረቀት ላይ ግን ከሁላችን ይልቅ የሚጎድልባት እናታችን መሆኗም ይታይ ነበር፤ የእርሷ 27 ሺህ 500 ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ሲሴሮ የተባለው የሮማ ሊቅ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ ስለ ሰው ግዴታ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። የጻፈውም አቴና ለትምህርት ለተላከው ለልጁ ለማርቆስ ነው። በዚያ መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ቤት የሚሸጥ ሰው ይቀርባል፤ ቤቱ ለጤና የማይስማማ፣ እንጨቱም የማይታመን ሲሆን፥ ከሻጩ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ይንገር ወይስ ዝም ይበል? የባቢሎኑ ዲዮጋንስና ተማሪው የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ፣ ሁለቱም ፈላስፎች፣ በዚህ ላይ የተለያዩ ናቸው። መምህሩ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም ባይ ነው፤ ሻጭ ማንንም አላስገደደም፤ የበሰበሰ ቤት እሸጣለሁ ብሎ በዐዋጅ የሚያስነግርስ ምን ዓይነት ሞኝ ነው ይላል። ተማሪው ደግሞ መንገድ የጠፋውን ሰው መንገድ አለማሳየት ነውር ከሆነ፥ ሰውን እያዩ ወደ ገደል እንዲገባ መተው ከዚያ የባሰ ነው ይላል። ሲሴሮ ራሱ የፈረደው ለተማሪው ነው። እነሆ እንጭኒ ውስጥ አንድ የታክሲ ነጂና አንዲት የልብስ ሰፊ ሚስት፣ መጽሐፉን ሳያዩት፣ በምስር መልቀሚያ ሰፌድ ዙሪያ ያንኑ ክርክር ተከራከሩ።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ፤ ለደላላችን ብነግረው ኖሮ ደስ ይለው ነበር እያልሁ እስቃለሁ። ካንዮስ የተባለ አንድ ሮማዊ ለዕረፍት ወደ ሰራኩስ ሄደና፥ ወዳጆቹን የሚጋብዝበት ትንሽ የአትክልት ቦታ ያለው ቤት ቢያገኝ እንደሚገዛ አወራ። ፒትዮስ የተባለ የአገሩ ባለ ገንዘብ ይህን ሰምቶ፥ «የእኔ ቦታ አይሸጥም፤ ግን እንደ ራስህ ቍጠረው፤ ነገ እራት በዚያው እንብላ» አለው። ከዚያም ዓሣ አጥማጆችን ሁሉ ጠርቶ ነገ በእርሱ ቤት ፊት ለፊት እንዲያጠምዱ አዘዘ። ካንዮስ ሲመጣ ባሕሩ በጀልባ ተሞልቷል፤ አጥማጆቹም እየተሽቀዳደሙ ዓሣቸውን በፒትዮስ እግር ሥር ያፈስሳሉ። እንግዳው ተደንቆ ቢጠይቅ፥ የከተማው ዓሣ ሁሉ የሚገኘው እዚሁ ነው ተባለ። ለመነ፣ ተለማመጠ፣ በተጠራው ዋጋም ከነዕቃው ገዛው። በማግስቱ ወዳጆቹን ጠርቶ ማልዶ ቢመጣ አንድ መቅዘፊያ እንኳ የለም። «ዛሬ የአጥማጆች በዓል ነው ወይ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። ጎረቤቱም፥ በዚህ ቦታ የሚያጠምድ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ትናንት ምን እንደ ተገኘ እኔም ስገረም ነበር አለው።

የጎረቤት ሶፋና የዕጣኑ ጢስ ከእነዚያ ጀልባዎች በምን ይለያሉ? በመጠን ካልሆነ በቀር አይለያዩም። ሆኖም እኔ እስከ ጥግ ድረስ የምሄድ ሰው አይደለሁም። ቤት ሲሸጥ ቄጠማ መጎዝጎዝ ኀጢአት ነው አልልም፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና እንደሚፈላ ያለ ነገር ነው። ሻጭም ያለውን ሁሉ እንዲዘረዝር አይጠበቅበትም። እናቴ የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ከሌሊቱ በ9 ሰዓት እንደሚጮኽ ለማንም አልተናገረችም፤ ዶሮው ራሱ ይናገራል። መነገር ያለበት፥ ገዢው ቢያውቀው ኖሮ ዋጋውን የሚለውጥበት፣ በዐይኑ ግን ሊያየው የማይችለው ነገር ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች ለእኛ ዘመን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሦስተኛው ነው። በሮማ ቄሊዮስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ቤት የነበረውን አንድ ሰው፥ የወፎችን በረራ እያዩ የሚተነብዩት ካህናት ቤቱ ዕይታችንን ስለሚጋርድ ከፍታውን አፍርስ ብለው አዘዙት። ሰውየው ትእዛዙን በልቡ ይዞ ቤቱን ሸጠው። አዲሱ ገዢ በተራው ታዝዞ ካፈረሰ በኋላ ነገሩን ደርሶበት ከሰሰ። ዳኛውም፥ ሲሸጥ እያወቀ አልተናገረምና ኪሳራውን ይክፈል ብሎ ፈረደ። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንገድ ለማስፋትና ለኮሪደር ልማት ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ያየ ሰው ይህን ፍርድ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ቤቱ በፕላን መነካቱን ሰምቶ ሳይናገር በችኰላ የሚሸጥ ሰው፥ ያ ሮማዊ ያደረገውን ነው የሚያደርገው።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል፤ ሻጭ የሚሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስ መሆን እንዳለበትም ይደነግጋል። ጉድለቱን አውቆ የደበቀ ሻጭ፥ ኀላፊነት የለብኝም ብሎ በውል ቢያጽፍ እንኳ አያድነውም። በአንጻሩ ገዢው ጉድለቱን ዐውቆ የገዛ እንደ ሆነ ተመልሶ ሊከስስበት አይችልም። ይህን ለወንድሜ ነገርሁት። «እንግዲያው የተናገረ ሰው ይተኛል ማለት ነው» አለኝ፤ ግን እየሣቀ አልነበረም።

የተናገረ ሰው ቶሎ ይሸጣል የሚል ሕግ ግን የለም። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ገዢዎች አንደኛዋ ነጋዴ ነበሩ። እናቴ ወደ ጓሮ ወስዳ ስንጥቁን ስታሳያቸው አመስግነው ሄዱ፤ በሳምንቱ ከመንገዱ ማዶ ግድግዳው የለሰለሰ ቤት ገዙ ሲባል ሰማን። ሁለተኛው 200 ሺህ ብር ሰጡና፥ አይሆንም ሲባሉ የሚፈርስ ቤት ይዛችሁ ትኰራላችሁ ብለው ወጡ። ጥር አለፈ። ደላላውም እግሩን አሳጠረ። ወንድሜ በየቀኑ ይደውላል። እናቴ ለዐቢይ ጾም አምቦ እገባለሁ ያለችው ቀረና ጾሙ እዚያው ባዶ ክፍል ውስጥ ያዛት፤ ብርጭቆና ድስቱ ተጠቅልሎ ስለ ነበር በአንድ ጣሳ ውኃ ትጠጣ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት እኔም አንዳንድ ሌሊት የኖራ ዋጋ ሳሰላ ያደርሁበት ጊዜ አለ።

በመጋቢት አንድ ገበሬ መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ናቸው። ሦስት ልጆቻቸው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን በየሳምንቱ ከቤት እየወሰዱ ይማሩ ነበር፤ አባትየው ኪራዩ ሰልችቷቸው ሁለት በሬና የባሕር ዛፍ ቈረጣ ሸጠው ቤት ሊገዙ ተነሥተዋል። ከእናቴ ጋር የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነበር።

«ኦቦ፥ ከፊት ለፊቱ በፊት ጀርባውን ይዩልኝ» አለቻቸው።

ወደ ጓሮ ዞሩ። ሰውየው ተንበርክከው ምርጉን በጣታቸው ፈለቀቁና አውራ ጣታቸውን ቋሚው እግር ላይ ተጫኑት፤ ጣታቸው ገባ። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያ፥ «አዴ፥ ስንት ናቸው?» አሉ።

«ስድስት።»

«ውኃው የሚመጣው መቼ ነው?»

«ሐምሌ ከገባ በኋላ። ከዚያ ከቦዩ በኩል ነው፤ ባለቤቴ ይጠርገው ነበር።»

ሰውየው ተነሥተው እጃቸውን አራገፉ፤ ቡናም ሳይጠጡ ሄዱ። ሌላ ሦስት ሳምንት ዝም ሆነ። ወንድሜ፥ «ይኸው» ብሎ በስልክ ተናገረኝ፤ የምመልስለት አልነበረኝም።

በሚያዝያ ግን ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ሽማግሌው ቤቱን ከመግባታቸው በፊት ዳገቱን ወጥተው ውኃው የሚወርድበትን ተመለከቱ። ለካ ሰውየው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሒሳብ ሲሠሩ ነበር፤ በግቢያቸው የቆመ ጽድ ስለ ነበራቸው ስድስት ቋሚ ከዚያው ይቈረጣል፤ ድንጋዩንም በአህያ ያመጡታል። በ265 ሺህ ብር ተስማማን። ደላላው ያለው ዋጋ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ሙያውን አልነሣውም።

ውሉ በተጻፈበት ቀን ጸሐፊው የተለመደውን ሁሉ ጽፎ ሲጨርስ፥ እናቴ የግድግዳው ነገር እንዲገባ ጠየቀች። ጸሐፊው ቀና ብሎ ካያት በኋላ፥ የጀርባው ግድግዳ ስድስት ቋሚዎች የበሰበሱ መሆናቸውን፣ በክረምትም ከዳገቱ በኩል ውኃ የሚሰርግ መሆኑን ገዢ ዐይተውና ዐውቀው የገዙ ናቸው የሚል አንድ መስመር ጨመረ። እናቴ በጣቷ ፈረመች፤ እኅቴ ፈረመች፤ እኔም ፈረምሁ። ወንድሜ መጨረሻ ፈረመ፤ ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት።

ባጃጁን የገዛው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው፤ በዚያ ላይ ተበድሮ። የዚያን ቀን ድርሻውን ቈጥሮ በደረት ኪሱ ከትቶ ወደ መናኸሪያ ሊሄድ ተነሣ። በሩ ላይ ግን ቆመና ገዢውን ጠራቸው። ውኃው የሚነሣው ከቦዩ ብቻ አለመሆኑን፣ አባታችን ከጎረቤት አጥር ሥር በድንጋይ የደፈነው ሌላ አሮጌ መውረጃ መኖሩን፣ ድንጋዩ ከተነሣ ግማሹ ውኃ ወደዚያ እንደሚሄድ ነገራቸው። እኔ ይህን መውረጃ ረስቼው ነበር፤ እናቴም እንደዚያው። እርሱ ልጅ ሆኖ ድንጋይ ያቀበለው እርሱ ስለ ነበር አልረሳውም። ሰውየው ቦታውን እንዲያሳያቸው ለመኑት። ሰዓቱን አየ፤ የመጨረሻው መኪና ሊነሣ ጥቂት ቀርቶታል። ጫማውን አውልቆ ወደ ጓሮ ገባ።